ውድ ጠመንጃ ወይስ ብዙ ጥይት?

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣት ወዳጄ ማታ ላይ ደወለና «ጋሼ፣ ጠመንጃ ልገዛ ነው» አለኝ። በእኛ አገር ሰው ጆሮ ይህ አነጋገር ደግ ነገር አያመጣም። ወይ ቂም አለ፣ ወይ የድንበር ጠብ አለ፣ ወይ ሰውዬው ጫካ ሊገባ ነው ይባላል። ወዳጄ ግን በዴንቨር ኤርፖርት የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ፣ ኦሪጅናል ኦሮራ ውስጥ ከኮልፋክስ ጎዳና ትንሽ ገባ ብሎ ከባለቤቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር የሚኖር ሰላማዊ ሰው ነው። ያማረው ኤልክ ማደን ነው። ዕቁብ ደርሶት 4,200 ዶላር እጁ ገብቷል። አፈሙዙ በካርቦን ፋይበር የተሸፈነ አንድ ጠመንጃ አይቶ ዓይኑን መንቀል አቅቶታል። ዋጋው ስኮፑ ሳይጨመር 3,400 ዶላር ነው። «አንተ ኢንጂነር ነህ፤ ይህን ልግዛ ወይስ የ850ውን?» ሲል ጠየቀኝ።

በስልክ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር፤ «የ850ውን» አልኩት። አልተዋጠለትም። እውነቱን ለመናገር እኔንም በጊዜው ቢነግሩኝ አይዋጥልኝም ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ይህንኑ ጥያቄ የሚያነሱ የአገር ልጆች በርክተዋል። ስለዚህ ረዘም ያለውን መልስ እነሆ ለሁላችሁም።

ለማያውቀው አንባቢ፣ ኤልክ ከአጋዘን ወገን የሆነ ትልቅ እንስሳ ነው። የባሌን የደጋ አጋዘን ያየ ሰው መጠኑን ይገምታል፤ ሴቷ ብቻ ከ200 ኪሎ በላይ ትመዝናለች። ኮሎራዶ ደግሞ ከአሜሪካ ስቴቶች ሁሉ ብዙ ኤልክ የሚገኝባት ናት። ሰኮናው ስንጥቅ ነው፣ ያመሰኳል፤ በዚህ በኩል የሚከራከር የለም። ከአንዲት ሴት ኤልክ 70 ኪሎ ገደማ ንጹሕ ሥጋ ይገኛል። ለአንድ ቤተሰብ ይህ የክረምት ቀለብ ነው።

የራሴ ጥፋት

ምክር ከመስጠቴ በፊት መናዘዝ ይገባኛል። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እኔም እንደ ወዳጄ ተማርኬ 3,000 ዶላር አውጥቼ ጠመንጃ ገዛሁ። ስሙን አልጠራውም፤ ጠመንጃው አንዳች ጥፋት የለበትም። የቀረኝ ገንዘብ የገዛው አንድ ርካሽ ስኮፕና ሃያ ጥይት የያዘ አንድ ፓኮ ብቻ ነበር። በተኩስ መለማመጃው ጠረጴዛ ላይ ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት አስደግፌ ዘጠኝ ጥይት ተኮስኩ። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ በ100 ሜትር ላይ የአንድ ብር ሳንቲም በምታህል ቦታ አረፉ። ወረቀቱን በኩራት አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩና አሥራ አንዱን ጥይት ይዤ ወደ ተራራው ወጣሁ።

ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ላይ፣ ዳገት ወጥቼ እያለከለክሁ ሳለ፣ አንዲት ሴት ኤልክ 250 ሜትር ያህል ርቃ ቆማ አየሁ። የምደገፍበት ጠረጴዛ የለም፤ ተንበርክኬ ተኮስኩ። ተመታች፤ አልወደቀችም። እስኪጨልም ደሟን ተከተልን። ሌሊት በረዶ ጣለና ዱካዋን ሸፈነው። በማግሥቱም ስንፈልግ ዋልን፤ አላገኘናትም። አብረውን የነበሩ አንድ አዛውንት «ነፍስ አንገላታን» ብቻ ብለው እስከ ኦሮራ ድረስ አንድ ቃል አልተናገሩም።

ያ ዝምታ ነው ወደ ስሌቱ የመለሰኝ። እንግዲህ የጠመንጃ ምርጫ የዕቃ ምርጫ ብቻ አይደለም። የተሳሳተ ስልክ የገዛ ሰው ገንዘቡን ያጣል። እዚህ ግን የስሕተቱን ዋጋ የሚከፍለው ሌላ ፍጥረት ነው።

ገንዘቡ ምን ይገዛል?

ዛሬ በአሜሪካ ገበያ የአደን ጠመንጃ በግምት በሦስት ይከፈላል። ከ400 እስከ 650 ዶላር ያለው ርካሹ ነው፤ ከ700 እስከ 1,300 መካከለኛው፤ ከ2,000 በላይ ውዱ። በመካከለኛው ተርታ የፊንላንዱ ቲካ፣ የስፔኑ በርጋራ፣ የጃፓኑ ሆዋ ይገኛሉ። በውዱ ተርታ የፊንላንዱ ሳኮና የጀርመኑ ብላዘር ይጠቀሳሉ። በትእዛዝ የሚሠሩትማ ዋጋቸው የአሮጌ መኪና ዋጋ ይደርሳል።

ቲካንና ሳኮን አብሬ ያነሳሁት በምክንያት ነው። ሁለቱም የሚሠሩት በአንድ ፋብሪካ፣ በደቡብ ፊንላንድ በሪሂማኪ ከተማ ነው። ሳኮ ቲካን የጠቀለለው በ1983 ሲሆን፣ ከ2000 ጀምሮ ሁለቱም በጣሊያኑ ቤሬታ ሥር ናቸው (ከዚህ በታችም ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አፈሙዛቸው የሚሠራበት ዘዴም አንድ ነው፤ ብረቱ ሳይሞቅ በመዶሻ እየተቀጠቀጠ ውስጡ ያለውን ጠመዝማዛ ቦይ ይይዛል። ፋብሪካው ለቲካ የሚሰጠው ዋስትና ሦስት ጥይት በ100 ያርድ ላይ አንድ ኢንች ገደማ በሆነ ክብ ውስጥ እንደሚያርፍ ነው። ለሳኮ ተመሳሳዩን ዋስትና የሚሰጠው በአምስት ጥይት ነው። በአምስት መፈተን በሦስት ከመፈተን ይከብዳል፤ ስለዚህ ልዩነት የለም አልልም። ግን የዋጋው ልዩነት ከእጥፍ በላይ ነው።

ታዲያ ቀሪው ገንዘብ የት ሄደ? የቲካው ካዝና ፕላስቲክ ነው፤ የሳኮው ብረት። የውዱ ሰደፍ የተመረጠ የዋልነት እንጨት ወይም ካርቦን ፋይበር ነው፤ የመካከለኛው ብዙውን ጊዜ ፕላስቲክ። የውዱ መቀርቀሪያ ሲሳብ ቅቤ ላይ የሚሄድ ይመስላል። ብረቱ ለዝናብና ለላብ ይበልጥ ይጠነክራል፤ አንዳንዱም ክብደቱ ቀላል ነው። እነዚህ ሁሉ እውነተኛ ጥቅሞች ናቸው። ጥይቱን ወደ ኢላማው የሚወስዱት ግን እነርሱ አይደሉም።

ቀላልነቱም የራሱ ዕዳ አለው። ጠመንጃው በአንድ አምስተኛ ሲቀል፣ በዚያው ጥይት ትከሻ ላይ የሚያርፈው የርግጫ ጉልበት በአንድ አራተኛ ይጨምራል። ይህ የኒውተን ሕግ ነው፤ ገንዘብ አያስቀረውም። ርግጫ የለመደበት ትከሻ ደግሞ ምላጩ ገና ሳይሳብ መሸሽ ይጀምራል።

ወደ ታች ወርደን ርካሹን ብናይ፣ ብዙዎቹ ዛሬ ከጠረጴዛ ላይ ደህና ይተኩሳሉ። ጉድለታቸው የሚታየው ሲያዙ ነው። ሰደፉ ይለመጣል፣ መቀርቀሪያው ይንገራገጫል፣ ከጠመንጃው ጋር ታስሮ የሚሸጠው ስኮፕ ቶሎ ከቦታው ይዛነፋል። ዋጋንና ጥራትን በግራፍ ብንስላቸው መስመሩ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ 800 ዶላር አካባቢ ሲደርስ ግን ጋደም ይላል።

ስሌቱ

አምስት ጥይት ተተኩሶ ቀዳዳዎቹ የሚያርፉበትን ክብ ስፋት «ስርጭት» እንበለው። በ100 ሜትር ላይ የመካከለኛው ጠመንጃ ስርጭት 4 ሳንቲሜትር፣ የውዱ 2 ሳንቲሜትር ነው እንበል። እዚህ ላይ ለውዱ አዳልቼለታለሁ። ከዚያ የሰውየው ስርጭት ይመጣል። ከዚያች ኤልክ በኋላ እኔ ራሴን ስለካ፣ መሬት ቁጭ ብዬ ክርኔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስተኩስ፣ የእጄና የትንፋሼ ስርጭት 12 ሳንቲሜትር ነበር።

ምንጫቸው የተለያየ ሁለት ስሕተቶች ሲገናኙ እንደ ብርና ሳንቲም አይደመሩም። የሚደመሩት ቀጥ ያለ ማዕዘን ባለው ጎነ ሦስት ሕግ ነው፤ የየራሳቸው ካሬ ተደምሮ ስኩዌር ሩቱ ይወሰዳል። የፓይታጎረስን ትምህርት ያልረሳ ያስታውሰዋል። እንግዲህ 12 እና 4 ሲገናኙ 12.6 ይሆናሉ። 12 እና 2 ሲገናኙ 12.2 ይሆናሉ። በሁለቱ ጠመንጃዎች መካከል ያለው ልዩነት በ100 ሜትር ግማሽ ሳንቲሜትር እንኳ አይሞላም። ትልቁ ስሕተት ትንሹን ይውጠዋል፤ ትልቁ ስሕተት ደግሞ እኔ ነኝ።

አሁን ውዱን ትተን ሰውየውን እናሻሽል። በአንድ በጋ ልምምድ የሰውየው ስርጭት ከ12 ወደ 8 ቢወርድ፣ 8 እና 4 ሲገናኙ 8.9 ይሆናሉ። ርቀቱን 300 ሜትር እናድርገውና ሁሉንም በሦስት እናባዛ። ያልተለማመደው ሰው በውዱ ጠመንጃ ወደ 37 ሳንቲሜትር ይበትናል። የተለማመደው በመካከለኛው ጠመንጃ 27 ይበትናል። የኤልክ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ስፋቱ 30 ሳንቲሜትር ገደማ ነው፤ የአንድ መካከለኛ ትሪ ያህል። አንዱ ትሪው ውስጥ ገባ፣ ሌላው ከትሪው ወጣ።

ሌላም ነገር አለ። ያው ያልተለማመደ ሰው 150 ሜትር ድረስ ተጠግቶ ቢተኩስ፣ በማናቸውም ጠመንጃ ስርጭቱ 19 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። መጠጋት በገንዘብ አይገዛም፤ የሚጠይቀው እግርና ትዕግሥት ነው።

የአያቶቻችን ጠመንጃ

ይህ ሁሉ ግልጽ ከሆነ ለምን ውዱ ያምረናል? እኔ ነገሩ ከቤት የመጣ ይመስለኛል።

ውጅግራ፣ ምንሽር፣ ለበን፣ በልጅግ የሚሉትን ስሞች ከልጅነታችን ጀምሮ በፉከራና በቀረርቶ ሰምተናል። ውጅግራ የ1874ቱ የፈረንሳይ «ፉዚ ግራ» ነው። ለበን ለበል ነው፤ ምንሽርም ማንሊኸር። በልጅግ ደግሞ በ1930ዎቹ ጭምር ከቤልጂጉ የኤፍ ኤን ፋብሪካ የተገዛው ጠመንጃ ነው፤ ንድፉ ጀርመናዊው ፓውል ማውዘር በ1898 ያወጣው ነው። ዛሬ በብዙ ሺህ ዶላር የሚሸጡ አንዳንድ ጠመንጃዎች የሚኩራሩበት፣ ቀለሁን ገና ከካዝናው ሲወጣ ጥርቅም አድርጎ የሚይዘው ትልቅ መንጠቆ፣ በበልጅግ ላይ ነበረ። ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ ብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች ተሽጠዋል። የአያት ጠመንጃ እዚህ የፈረንጅ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

የእኔም አያት ጥንድ በሬ ሸጠው በልጅግ ገዙ ይባላል። በዓመት ስንት ጊዜ ይተኩሱ ነበር ብዬ አባቴን ብጠይቀው፣ «ለልቅሶና ለጥምቀት» አለኝ። ጥይት ብርቅ ነበረች፤ በአንዳንድ አካባቢ በዘመኑ እንደ ገንዘብ ይገበያዩባት ነበር። ስለዚህ ጠመንጃውን ማክበር፣ ጥይቷን መቆጠብ ወግ ሆነ። «ታዲያ በዱር ለምን አይስቱም ነበር?» ስል፣ መልሱ «ሃምሳ እርምጃ ሳይጠጉ መች ይተኩሱና» የሚል ነበር።

እኛ ኦሮራ ላይ ያለነው ከዚህ ወግ ግማሹን ይዘን ቀርተናል። ጠመንጃውን ማክበሩንና ጥይቱን መቆጠቡን ወርሰናል፤ መጠጋቱን ግን ትተናል። እዚህ አገር ጥይት ብርቅ አይደለም። ወጉን መገልበጥ አለብን፤ ከጠመንጃው ቆጥበን ጥይቱን ማውጣት።

ውዱ የሚገባው ለማን ነው?

ፍትሐዊ ልሁን። በዓመት ብዙ መቶ ጥይት ለሚተኩስ፣ የእጁ ስርጭት ከጠመንጃው ስርጭት ጋር ለተቀራረበ ሰው ውዱ ይገባዋል፤ ስሌቱም ይመሰክርለታል። ጉልበቱ ለታመመና ድንኳኑን ተሸክሞ ለቀናት በእግሩ ለሚጓዝ ግማሽ ኪሎ ብዙ ነው። ቆንጆ ዕቃ ወዶ፣ አቅሙም ኖሮት፣ ለልጁ የሚያወርሰው ነገር የሚፈልግ ሰውም ነውር የለበትም። እንደ ወርቅ ሐብል ይግዛው። ነውሩ ለውበት የገዛነውን «ለትክክለኛነት ነው» ብሎ ራስን ማታለል ነው።

ሕጉን በተመለከተ

የኮሎራዶ ሕግ ስለ ዋጋ የሚለው የለም። ለኤልክ የጠመንጃው ካሊበር ቢያንስ .24፣ ማለትም 6 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። አረሩ ሲመታ የሚሰፋ፣ ክብደቱም ከ85 ግሬይን የማያንስ መሆን አለበት። .308 ወይም .30-06 ይህን አልፎ ይሄዳል፤ ጥይቱም በየሱቁ ይገኛል። ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ላይ የያዘው ኤም-ዋን ጠመንጃ የሚተኩሰው ይኸንኑ .30-06 ነበር። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሁሉ የአዳኝነት ትምህርት ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። በአደን ላይ 500 ስኩዌር ኢንች የሚሸፍን ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ልብስና ቆብ ግዴታ ነው።

ለእኛ ለስደተኞች የሚብሰው ሌላው ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠመንጃ መግዛት ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለውን የፌዴራል ሕጉ ይከለክላል፤ የታደሰ የአደን ፈቃድ እንደመያዝ ያሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ግን አሉ። ያለ ሕጋዊ ወረቀት ያለ ሰው ጠመንጃ መያዝ እንኳ ወንጀል ነው። ወረቀቱ ያልተስተካከለ ሰው አስቀድሞ ጠበቃ ይጠይቅ። ከሁሉ በላይ «በአንተ ስም ግዛልኝ» የሚል ወዳጅ ቢመጣ እሺ አትበሉ። ለእኛ ውለታ ነው፤ ለሕጉ ግን ከባድ የፌዴራል ወንጀል ነው። በኮሎራዶ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ ገዢው ጠመንጃውን ለመረከብ ሦስት ቀን ይጠብቃል። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ልጅ ሊደርስበት በሚችል ቤት ውስጥ ጠመንጃን መቆለፍ ግዴታ ነው።

በጀቱ

ለወዳጄ በወረቀት ያሰፈርኩለት ይህን ነው። ከ4,200ው ለአደን 2,500 ብቻ ይመደብ። ጠመንጃ 850፤ ጥሩ ስኮፕ 500፤ ማሰሪያው 80፤ አንዱ በ40 ዶላር ሒሳብ አሥር ፓኮ ጥይት 400፤ የመለማመጃ ሜዳ ክፍያ 120፤ ለዳገት የሚሆን ጫማ 250፤ መቆለፊያ ሣጥንና ለሥጋው ማቀዝቀዣ 300። የቀረው 1,700 ለቤቱና አገር ቤት ለሚጠብቁት ይሁን።

ከሁለት መቶው ጥይት አርባው ከጠረጴዛ ላይ ስኮፑን ለማስተካከል ይበቃል። ሌላው ሁሉ ቁጭ ብሎ፣ ተንበርክኮ፣ ትንሽ ሮጦ እያለከለኩ የሚተኮስ ነው። ማቀዝቀዣውን አትናቁት። የኤልክ አደን አብዛኛው በኦክቶበርና በኖቬምበር ነው፤ ኅዳር 15 ጾም ሲገባ የተረፈው ሥጋ እስከ ገና በረዶ ውስጥ ይቆያል። የጥሬ ሥጋ ወዳጆችም የዱር ሥጋ እንደ በሬ ብልት በጥሬው እንደማይበላ እወቁ። በኮሎራዶ አጋዘኖችና ኤልኮች ላይ የሚታይ የአንጎል በሽታም ስላለ ሥጋው ከመበላቱ በፊት ማስመርመር ይበጃል።

ባለፈው ቅዳሜ ወዳጄን ይዤው ሄድኩ። ውጤቱን በየዓይነቱ እንዲያይ የእኔን መካከለኛ ጠመንጃ ሰጠሁት። ከጠረጴዛ ላይ አምስት ጥይት 5 ሳንቲሜትር ውስጥ አስገባ፤ ፊቱ በራ። ቀጥሎ መሬት አስቀመጥኩት። አምስቱ ጥይቶች 28 ሳንቲሜትር ላይ ተበተኑ። ወረቀቱን ትክ ብሎ ሲያየው ቆየ። «በ300 ሜትር ቢሆንስ?» አለ። በሦስት አባዛና ዝም አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ «ጋሼ፣ ያኛው ግን ያምራል» አለኝ። ያምራል አልኩት፤ እውነት ነው። እስካሁን ሁለቱንም አልገዛም። የአዳኝነት ትምህርቱን ጀምሯል። ለዕጣው ማመልከቻ የሚያበቃው በየዓመቱ በኤፕሪል መጀመሪያ ስለሆነ ጊዜ አለው። የሚመጣው ቅዳሜም ሌላ ሃያ ጥይት ይዘን ቁጭ እንላለን።

ቸር ይግጠመን።